ከሃኔዳ እስከ ናሪታ፦ የቶኪዮ እንግዳ የከፈለው የመንገድ ዋጋ

የአውሮፕላን ማረፊያዎች ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በማኮብኮቢያቸው ርዝመት፣ በተርሚናላቸው ስፋትና በሚያስተናግዱት የመንገደኛ ብዛት ሲሆን፣ መንገደኛው ሻንጣውን ከተረከበ በኋላ ሆቴሉ እስኪደርስ የሚከፍለው ገንዘብ ግን እንደ ጥቃቅን ጉዳይ ይታለፋል። ሆኖም ማረፊያው የት ይሠራ የሚለው ውሳኔ፣ ውሳኔው ያስቆጣቸው ነዋሪዎች ተቃውሞ፣ የትራንስፖርት ድርጅቶችም ፉክክር በመጨረሻ የሚንጸባረቁት በዚህ ክፍያ ላይ ነው፤ የቶኪዮ ታሪክ ይህን አጉልቶ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1931 የተከፈተው የሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ በቶኪዮ የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ፣ ከከተማዋ እምብርት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ በመሆኑ፣ መንገድ ካልተዘጋጋ በቀር እንግዳው በታክሲ ሆቴሉ ለመድረስ ብዙም አይቸገርም ነበር። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘበት የ1964ቱ ኦሊምፒክ ሲቃረብ ግን የመኪናው መጨናነቅ ስላሰጋ፣ ውድድሩ ሊከፈት ሦስት ሳምንታት ሲቀሩት፣ መስከረም 17 ቀን፣ ሃኔዳን ከከተማው የባቡር መስመር ጋር የሚያገናኝ ሞኖሬል፣ ማለትም በሁለት ሐዲድ ፋንታ በአንድ ወፍራም የኮንክሪት ተሸካሚ ላይ ተፈናጥጦ የሚሄድ ባቡር፣ ሥራ ጀመረ። ባቡሩ 13 ኪሎ ሜትሩን በ15 ደቂቃ ያህል ይጨርስ ነበር፤ ዋጋው ግን 250 የን፣ በጊዜው ቋሚ ምንዛሪ (360 የን በአንድ ዶላር) 70 ሳንቲም ገደማ ሲሆን፣ ይህም ለዘመኑ ከባድ በመሆኑ ጥቂት ሰዎች ተባብረው ታክሲ ቢይዙ ወጪያቸው ከባቡሩ አይበልጥም ነበር። ኦሊምፒኩ ሲያበቃ ፉርጎዎቹ ባዶአቸውን መመላለስ ጀመሩ፤ ድርጅቱም በ1966 ዋጋውን ወደ 150 የን ለማውረድ ተገደደ። መንገደኛው ከፍጥነቱ በፊት ኪሱን ያሰላ እንደነበር በዚህ ከተማ ታሪክ የመጀመሪያው ማስረጃ ይኸው ነው።

በዚያው በ1966 የጃፓን መንግሥት ሃኔዳ እየጠበበ ነው በማለት አዲሱን ዓለም አቀፍ ማረፊያ ከቶኪዮ በስተምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በናሪታ፣ ሳንሪዙካ በሚባለው የእርሻ አካባቢ ለመሥራት ወሰነ። ርቀቱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሾፍቱን አልፎ ወደ ሞጆ እንደመቃረብ ያለ ነው። ያላማከራቸውን መንግሥት የተቃወሙት ገበሬዎች ከተማሪዎች ጋር ሆነው ለዓመታት ታገሉ፤ ከፖሊስም ከተቃዋሚም ሕይወት ጠፋ፤ በመጋቢት 1978 ተቃዋሚዎች የመቆጣጠሪያ ማማውን ሰብረው በመግባት መሣሪያዎቹን ስላወደሙ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ሊከፈት የነበረው ማረፊያ እስከ ግንቦት 20 ቀን ዘገየ።

የተቃውሞው መዘዝ በአጥሩ ውስጥ አልቀረም። የመጀመሪያው ዕቅድ ማረፊያውን ከቶኪዮ ጋር በሺንካንሰን፣ ማለትም ለብቻው በተዘረጋ ሐዲድ ላይ በሚበር ፈጣን ባቡር፣ ማገናኘት የነበረ ቢሆንም፣ በ1974 የተጀመረው ግንባታ መስመሩ የሚያልፍባቸው ሰፈሮች ነዋሪዎች ስለተቃወሙት በ1983 ቆመ፣ በ1987ም ዕቅዱ ተሰረዘ። ኬይሴ የተባለው የግል የባቡር ድርጅት የራሱን መስመር እስከ ማረፊያው ቢያደርስም፣ ከተርሚናሉ ሥር ያለው ቦታ ለሺንካንሰኑ ተጠብቆ ስለነበር ጣቢያውን ራቅ አድርጎ ለመሥራት ተገደደ። በዚህም የተነሣ ለ13 ዓመታት ያህል ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሻንጣውን እየጎተተ መጀመሪያ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄድ ነበር። በ1991 የጃፓን ባቡር ድርጅትና ኬይሴ ለሺንካንሰኑ ታስቦ በተቆፈረው የምድር ውስጥ ጣቢያ መጠቀም ሲጀምሩ ብቻ ባቡር ከተርሚናሉ ሥር ደረሰ። እስከዚያው ድረስ ትርፉን የሰበሰቡት ሊሙዚን ባስ የሚባሉት፣ ስማቸው የቅንጦት መኪና ቢያስመስላቸውም በተግባር ተራ ረጅም አውቶቡሶች የሆኑት ናቸው፤ መንገደኛውን በትልልቅ ሆቴሎች ደጃፍ ስለሚያወርዱት፣ ዋጋቸው ከተራ ባቡር ቢበልጥም ዕቃ የበዛበት ሰው ይመርጣቸዋል።

እነዚህ 13 ዓመታት ዛሬ ለኢትዮጵያ አንባቢ በተለየ ሁኔታ ሊታዩ ይገባል። ቦሌ በከተማው ውስጥ በመሆኑ የአዲስ አበባ እንግዳ ከክፍያው ይልቅ በታክሲ ዋጋ ክርክር ሲማረር ኖሯል፤ አዲሱ ማረፊያ ከመዲናዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲታቀድ ግን ጥያቄው ወደ ርቀት ይቀየራል። ከዐረብ አገር ሥራ ጥቂት ጥሪት ይዛ ለምትመለስ ወጣት የመንገዱ ዋጋ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚወሰነውም ማኮብኮቢያው ሲነደፍ እንጂ ተርሚናሉ ከተመረቀ በኋላ ሊሆን አይገባም።

ናሪታ የተፎካካሪ ጫና የደረሰበት በ2010 ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ኬይሴ አዲስ መስመር ከፍቶ ፈጣን ባቡሩን ከናሪታ በቶኪዮ እስካለው ኒፖሪ ጣቢያ በ36 ደቂቃ ማድረስ ሲጀምር፣ በጥቅምት ደግሞ ሃኔዳ አዲስ ዓለም አቀፍ ተርሚናል ከፍቶ መደበኛ የውጭ በረራዎችን በስፋት መልሶ ተቀበለ። በ2012 ትኬት በርካሽ የሚሸጡ አየር መንገዶች በናሪታ ሥራ ሲጀምሩ፣ ለበረራው ጥቂት ሺህ የን የከፈለ ሰው ለየብስ መንገዱ ያንኑ ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ ስላልሆነ፣ ከ1,000 የን ያልራቀ ዋጋ የሚያስከፍሉ አውቶቡሶች ብቅ አሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 2015 የናሪታ በረራውን ሲጀምር፣ ከአዲስ አበባ የሄደው መንገደኛ ከተርሚናሉ ሲወጣ የሚያገኘው የዋጋ ልዩነት ይህ ታሪክ የተወለት ነበር፦ በታክሲ ከ20,000 የን በላይ፣ በፈጣን ባቡር ወይም በሊሙዚን ባስ 3,000 ገደማ፣ በየጣቢያው በሚቆመው ተራ ባቡር ወይም በርካሹ አውቶቡስ ደግሞ 1,000 ገደማ።