የሁምቦ ጋራ እንዴት ዳግም ለመለመ?



ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ እንስሳ ወይም ወፍ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረውናል። ዛሬ የምናነሳው ግን አብዛኛው ሳይተከል ስለ ተመለሰ ደን ነው።

ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ያለው የሁምቦ ጋራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመንጥሮ አልቆ ነበር። የተረፈው ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ፤ አፈሩንም ጎርፍ አጠበው። ሆኖም ጉቶዎቹ ከሥር በሕይወት ነበሩ። ቡቃያውን እንዳያድግ የከለከሉት ምሳርና ግጦሽ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ሥራ ወርልድ ቪዥንና ነዋሪው 2,728 ሄክታር ከለሉ። ከየጉቶው ጠንካራው ቀንበጥ ተመርጦ ሌላው ተገረዘ፤ ችግኝ የተተከለው ጉቶ በሌለበት ቦታ ነው። መሬቱን የመጠቀም መብት ለሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰጠ። ፕሮጀክቱ በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን የካርቦን ቅነሳ ለመግዛት ተዋዋለ።

ጋራ ሲከለል መጀመሪያ የሚጎዳው ፍየሉን የሚያግድበትና እንጨት ለቅሞ የሚሸጥበት ያጣው ድሃ ነው። ስለዚህ ጥቅሙ ሲመጣም ቀድሞ ሊደርሰው ይገባል። አማና ማለት ይኸው ነው፦ አላህ በአደራ የሰጠንን መሬት መጠበቅ፣ የጎረቤትንም ሐቅ አለማጉደል።