የትኛዋ ዘነበወርቅ? የትኛዋ ስንዱ?

የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» ብሎ ሲጣራ ሁላችንም መውረጃችንን እንጂ ሴትዮዋን አናስብም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው ሆስፒታል ነው። ከእሳቸው መቶ ዓመት ግድም በፊት ሌላ ዘነበወርቅ ነበሩ፤ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት። መቀመጫቸው ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሰላ ድንጋይ ነበረች። ልጃቸው አንኮበር ላይ ሲነግሥ፣ እሳቸው ደግሞ እዚያ ሆነው የራሳቸውን ግዛት ያስተዳድሩ ነበር።

ስለ እሳቸው ብዙውን የምንሰማው ከማን ነው? ከፈረንጅ። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1842 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ሲጓዝ ሰላ ድንጋይ ላይ አግኝቷቸው በማስታወሻው አሰፈራቸው። አገር ያስተዳደሩ ሴት እኛ ዘንድ የደረሱት በእንግዳ ብዕር ነው።

«ራሳቸው ስላልጻፉ ነዋ!» የሚለን ይኖራል። እሺ፤ የጻፉትስ ምን ተጠቀሙ?

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን እንውሰድ። ማን ናቸው ብትሉን አብዛኞቻችን «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» ብለን እናርፋለን። ልክ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. ተመርጠዋል። ግን ከዚያ በፊት ብዙ አለ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በ1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም የተወለዱ፣ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ የተማሩ፣ ጣሊያን ሲመጣ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር የዘመቱ፣ ተይዘውም አዚናራ ደሴት የተጋዙ ሴት ናቸው። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት የመሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ፤ ግጥምም ቴአትርም ያለበት፣ የአርበኝነት ነገር የጎላበት መጽሐፍ።

አዎ፣ ቴአትር! ይጽፉ ነበር፤ ተማሪዎቻቸውም ይጫወቱት ነበር። ልብ በሉ፤ ያኔ በከተማው መድረክ የሴት ሚና የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር። እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና አስናቀች ወርቁ ብቅ እስኪሉ ድረስ ነገሩ እንዲያ ነው። መነን ግን የሴቶች ትምህርት ቤት ነውና ደራሲዋም ሴት፣ ተዋናዮቹም ሴቶች።

ታዲያ የቴአትር ታሪካችን ሲወራ እሳቸው ለምን በአንድ መስመር ይታለፋሉ? ምክንያቱ ሩቅ አይመስለንም። ታሪኩን ስንቆጥር የምንቆጥረው ቴአትር ቤት ነው፤ ሀገር ፍቅር በ1927፣ የዛሬው ብሔራዊ በ1948 እያልን። በትምህርት ቤት አዳራሽ የታየው «የተማሪ ጨዋታ» ተብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ሴት ጽፋ ልታሳይ የምትችልበት መድረክ ግን በአብዛኛው ያው አዳራሽ ነበር። ትምህርት ቤቱን ከቆጠራው ስናወጣ ሴቶቹንም አብረን አወጣናቸው።

መፍትሔው እንደገና ማዘጋጀት ነው እንዳንል ዲኮር፣ አልባሳት፣ የወራት ልምምድ ይጠይቃል። ከዚያ የሚቀል ነገር አለ፤ ንባበ ተውኔት። አራት አምስት ሰው ጽሑፉን በእጁ ይዞ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሚናውን በድምፅ ያነባል፤ ሲያልቅ ተመልካቹ ይወያያል። አያስደስትም የሚል ካለ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያስታውስ። አንድ ሰው፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ማይክሮፎን፤ አገር ግን ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ደቅኖ ነበር።

ቦታውስ? ሙዚየም ቢሆን እንወዳለን። ሙዚየሞቻችን ዘውድ፣ ካባና ጎራዴ በመስታወት ውስጥ ያሳዩናል፤ የባለቤቶቹን ድምፅ ግን አያሰሙንም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከመስታወቶቹ መሀል ሃያ ወንበር ቢደረደር ምን ይጎድላል? ቀኑንም መርጠናል፤ ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን። አርበኛዋ ስለ አርበኝነት የጻፉት በዚያ ቀን ካልተነበበ መቼ ሊነበብ ነው?

አዲስ አበባ ብቻም አይሁን። ሰላ ድንጋይም አዳራሽ ባይገኝ የትምህርት ቤት ክፍል አይጠፋም። የአንዷን ዘነበወርቅ ቃል ከእንግዳ ማስታወሻ እየለቀምን ነው፤ ስንዱ ግን በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ በገዛ ቋንቋችን የተጻፈ፣ የታተመ መጽሐፍ ትተውልናል። ለሳቸው ሰበብ የለንም። መጽሐፉ ያለው፣ ድምፅ ያለው፣ ወንበር የሚያውሰን ይምጣ፤ እኛ ለማንበብ ዝግጁ ነን።