ገብሱ ያው ነው፣ በሬው ግን

ላሊበላ ውስጥ ሁለት ዘመዶቼ በአንድ ሰሞን የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ። ክፍሎቻቸው እኩል ናቸው፤ እንግዳቸውም ለገና የሚመጣው ተሳላሚና ፈረንጅ ነው። የሚለያዩት በገንዘቡ ምንጭ ነው። አጎቴ አባቴን ጨምሮ ከወንድሞቹ ጋር አዋጥቶ ሠራ። አክስቴ ከባንክ ተበደረች። ያኔ “ለሽያጭ ቢቀርቡ የትኛው ይበልጥ ያወጣል?” ብትሉኝ፣ “ምን ልዩነት አላቸው?” እላችሁ ነበር።

ፍራንኮ ሞዲግሊያኒ እና መርተን ሚለርም እ.ኤ.አ. በ1958 ተመሳሳይ ነገር ብለዋል። ግብር ከሌለ፣ መክሰርም ወጪ ከሌለው፣ የኩባንያ ዋጋ የሚመጣው ንብረቱ ከሚያስገባው ገቢ ነው፤ ገንዘቡ ብድር ይሁን አክሲዮን ለውጥ አያመጣም። ለላስታ ገበሬ ይሄ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ማሳው ለእኩል ቢታረስ ወይም በብድር ዘር ቢዘራ አውድማው ላይ የሚወቃው ገብስ ያው ነው። የሚለየው ማን ስንት ቁና ይወስዳል የሚለው ነው።

ዝናቡ ሲቀርስ? የእኩል ባለድርሻ ከጥቂቱ ግማሹን፣ ከምንም ምንም ይወስዳል። አበዳሪው ግን ሰማዩን አያይም። በሬው ይሸጣል፤ በሬው ከተሸጠ የከርሞው ገብስ ራሱ ያንሳል። ክፍፍሉ አውድማውን የሚጎዳው ያኔ ነው።

የባቡራችንም ታሪክ ይሄው ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ግንባታው ገንዘቡን ጨርሶት ስለነበር ኩባንያው በዕዳ ተይዞ በ1907 ከሰረ። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በፈረንሳይ መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመ አዲስ ኩባንያ ነው በ1917 አዲስ አበባ ያደረሰው። ሐዲዱና ጭነቱ ያው ሆነው ሳለ የቀድሞው ኩባንያ የወደቀው በዕዳው ነው።

ላሊበላም ክፉ ቀን መጣባት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 መጨረሻ ደግሞ ጦርነት። አጎቴ በሩን ቆልፎ ጠበቀ፤ ወንድሞቹም ትርፍ አልጠየቁትም። የአክስቴ ወለድ ግን መቁጠሩን አላቆመም። እንግዳ ከአየር ማረፊያ የምታመጣበትን ሚኒባስ ሸጠች። እንግዳው ሲመለስ የሚያመጣላት መኪና አልነበራትም። በሬዋ እሱ ነበር።

ይህንን ሁሉ እንደ ምሁር ሳስረዳት ቡና እየቀዳች ሰማችኝና፣ “ብድሩ ባይኖር ቤቱስ መች ይቆም ነበር? እኔ እንዳባትህ ያሉ ወንድሞች አሉኝ?” አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ዕዳ ሁሌ ጠላት አይደለም፤ ወለድ ከትርፍ ላይ ተቀንሶ ግብር እንደሚያቀል ሁለቱ ምሁራንም በ1963 ባወጡት እርማት አስልተውታል። የአክስቴ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ኪሳራን አብሮ የሚሸከም ገንዘብ የሚያገኘው ማነው? በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ተረኞች ግን ባንኮች ናቸው። ላሊበላ ላይ ክፉ ቀንን አብሮ የሚያሳልፍ አክሲዮን ዛሬም ወንድም ነው፤ ወንድም የሌለው ይበደራል።