ስድብና ሥራ፤ የእጅ ባለሙያ ልቡና በኢትዮጵያ ታሪክ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የገበሬው ኑሮ ከቀጥቃጩ እጅ የተለየ አልነበረም። ማረሻው ሲደነዝ፣ ማጭዱ ሲሰበር፣ ምሳሩ ሲያረጅ ገበሬው ወደ ወናፉ ቤት ይሄዳል፤ የሥራውንም ዋጋ ብዙ ጊዜ በእህል ይከፍላል። ይሁን እንጂ ማረሻውን ይዞ ሲመለስ ያን የሠራለትን ሰው እንደ ባልንጀራው አይቈጥረውም። ልጁን አይድርለትም፤ በብዙ ቦታም አብሮት ከማዕድ አይቀርብም። ሌሊት ጅብ እየሆነ ይዞራል፣ በዐይኑም ሰው ይበላል እያለ ይፈራዋል። እንግዲህ ለሁሉ የሚያስፈልገውን ሥራ የሚሠራ ሰው በዚያው ሥራው ምክንያት ሲናቅ በልቡናው ምን ያድራል? ሥራውስ ከዚህ የተነሣ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ የአገሪቱን ነገሥታት ሳይቀር ያሳሰበ ነው።

የንቀቱን ምንጭ ለማወቅ በመጀመሪያ የመሬቱን ነገር መመልከት ያስፈልጋል። በሰሜኑ አገር የሰው ክብር በርስት ይለካ ነበር። ርስት ያለው ሰው አባቱንና አያቱን ቈጥሮ በጉባኤ ይቆማል፤ ርስት የሌለው ግን በሰው መሬት ላይ ያረፈ እንግዳ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ በትውፊት ይነገራል። ቤተ እስራኤልም ርስታቸውን ባጡ ጊዜ ብረት በመቀጥቀጥ፣ ሸክላ በመሥራት፣ በግንብና በእንጨት ሥራ መተዳደር ግድ ሆነባቸው። የጎንደር ከተማ በ17ኛው መቶ ዓመት በተመሠረተች ጊዜ ከግንበኞችዋና ከአናጢዎችዋ መካከል እነርሱ ይገኙ ነበር። በጎንደር ሽመናም በአብዛኛው የእስላሞች ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ሙያው ሰውን አላዋረደም፤ ርስት ያጣ ሰው ወደ ሙያው ገባ፣ ከዚያ በኋላ ግን የርስት ማጣቱ ውርደት በሙያው ስም ይጠራ ጀመር።

ይህ ሁኔታ በሠራተኛው ልቡና ሁለት ነገር ያሳድራል። አንደኛው መሸሸግ ነው። በስሙ የሚሰደብ ሰው ጥበቡን በአደባባይ አይገልጥም፤ ከልጁና ከዘመዱ በቀር ለሌላ አያስተምርም፤ ሌላውም ስሙ እንዳይጠፋበት ሊማርለት አይመጣም። ጥበቡም በጠባብ ቤት ተዘግቶ ይኖራል። ሁለተኛው ደግሞ ፍርሃትን እንደ ጋሻ መያዝ ነው። ዐይኑ የሚፈራ ቀጥቃጭ ዋጋውን በቀላሉ አይከለከልም፤ ቅር እንዳይሰኝም ይጠነቀቁለታል። ከዚህም የተነሣ የሚያዋርደው ስም አንዳንድ ጊዜ የሚጠብቀው እርሱ ሆኖ ይገኛል። ይህም ስሙን ለመጣል እንዲቸገር ያደርገዋል።

ፈሪውም ቢሆን ያለ ምክንያት አይፈራም። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ መንዝ አማሮች ባወጣው ጥናት የቡዳን እምነት ከቅናት ጋር አያይዞ ተርጕሞታል። በአንድ ርስት የሚወዳደሩ ወንድማማቾችና ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው ይቀናናሉ፤ ነገር ግን ይህን በግልጥ መናገር ቤትን ያፈርሳል። ስለዚህ የገዛ ወገናቸውን ቅናት ርስት በሌለው ባለሙያ ላይ አድርገው ያዩታል ይላል። እንዲህ ከሆነ ባለሙያው የሚሸከመው ብረቱን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም የልብ ሸክም ነው ማለት ነው።

ከነገሥታቱ መካከል ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሩን በተግባር ተመልክተውታል። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ሲያሠሩ፣ እነዚያን ሠራተኞች በልብስና በበቅሎ ያከብሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለውን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለመውሰድ በ1867 እ.ኤ.አ. መንገድ ማውጣት ሲጀመር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡና ጉድጓድ ሲሞሉ መዋላቸውን የዘመኑ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ንጉሥ የነካውን ድንጋይ ወታደሩ አልነካም ሊል አልቻለም። ነገር ግን ይህ ክብር ከንጉሡ እጅ ጋር የመጣ ነበርና ንጉሡ በ1868 እ.ኤ.አ. በመቅደላ ሲሞቱ አብሮ ቀረ።

ዐፄ ምኒልክ ግን ወደ ምላስ ተመለከቱ። በ1900 ዓ.ም. በጥቅምት ሚኒስትሮችን ሾመው በዚያው ዓመት በጥር ሠራተኛን ስለሚሰድቡ ሰዎች አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቦቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፦ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ፣ የሚያርሰው አፈር ገፊ፣ የሚነግደው መጫኛ ነካሽ ይባላል። ዝርዝሩን በጥሞና ላየው ሰው የሚሰደበው ባዕድ ብቻ አልነበረም፤ ርስት ያለው ገበሬም ሳይቀር ከስድቡ አላመለጠም። ሥራ የማይሠራ ሰው ብቻ ያለ ስድብ ቀርቶ ነበር።

ከዚያም አዋጁ ምክንያቱን ያስረዳል። ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ ነው፤ ሌላ ሁለተኛ ፍጥረት የለም። በሌላ አገር አዲስ ሥራ ያወጣ ሰው መሐንዲስ ተብሎ ይመሰገናል፣ ረዳትም ይጨመርለታል። እናንተ ግን እየሰደባችሁ ማረሻ እንኳ የሚሠራ እንዲታጣና አገሬ ባዶ እንድትሆን ታደርጋላችሁ ይላል። ወደ ፊትም እንዲህ ያለ ስድብ የተናገረ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠርና አንድ ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል። የዚህ አዋጅ ትልቅ ማስተዋል ስድብን የአፍ ጉዳይ ብቻ አድርጎ አለማየቱ ነው፤ የሠራተኛውን ልብ የሚሰብር ነገር የአገሩን ማረሻ እንደሚሰብር ተረድቷል።

ሆኖም ምላስን ያሰረ አዋጅ መሬትን አልሰጠም። ስድቡ በአደባባይ ቢቀንስ እንኳ ርስት የሌለው ባለሙያ ርስት አልባ ሆኖ ቀረ፤ ጋብቻውና ማዕዱም እንደ ተለየ ኖረ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የሀብት መሠረት ሥራና ዕውቀት መሆኑን ቢያስተምሩም፣ የሠራተኛው ኑሮ የቆመበት መሬት ገና አልተነካም ነበር። ይህ የተለወጠው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ነው። በራሱ ጉልበት ለማረስ የፈለገ ሰው ሁሉ እስከ 10 ሄክታር ድረስ ሊሰጠው ይችላል ስለተባለ፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሕግ ፊት ከባለ ርስቱ ጋር በአንድ መስመር ቆሙ።

ከምኒልክ አዋጅ እስከ መሬቱ አዋጅ 67 ዓመት አልፏል። ንጉሥ እጁን ቢያበድር ክብር ይመጣል፣ ነገር ግን ከእርሱ ጋር ይሄዳል፤ ምላስን ቢከለክል ስድቡ ከአደባባይ ወደ ቤት ይገባል። ሠራተኛ ራሱን ቀና አድርጎ እንዲሠራ የሚቆምበት ነገርም ያስፈልገዋል። ይህም ከተገኘ በኋላ ቢሆን በጋብቻ ጊዜ ዘርና ሙያ የሚጠይቅ ቤት አልጠፋም፤ በሕግ የተዘጋ በር በልብ ውስጥ ተከፍቶ ይቆያልና፤ እርሱን መዝጋት የየቤቱ ሥራ ነው።