የክርስቶስ ሠምራ ገረድ

ወር በገባ በ24 አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የሚዘክር ብዙ ነው። በዚያው ዕለት ቅድስት ክርስቶስ ሠምራም ትታሰባለች። ስለ እርሷ አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰይጣንን ከፈጣሪ ጋር ላስታርቅ ብላ መነሣቷን።

ታሪኩ እውነትም ልብ ይሰቅላል። የሰው ልጅ የሚጠፋው በሰይጣን ምክንያት ነውና እሱ ቢታረቅ ሁሉም ይድናል ብላ አሰበች። ተፈቅዶላት ሲኦል ደጃፍ ድረስ ሄዳ ጠራችው። እሱ ግን እርቁን ትቶ እሷኑ ጎትቶ አስገባት። ቅዱስ ሚካኤል ደርሶ ሲያወጣት ብዙ ነፍሳት አብረዋት ወጡ ይላል ገድሏ። በሽምግልና ላደግን ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

ዛሬ ማንሣት የፈለግነው ግን የገድሉን መጀመሪያ ነው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው ክርስቶስ ሠምራ ከመመንኮሷ በፊት በሸዋ፣ በቡልጋ፣ ባልና ልጆች፣ ሀብትና አገልጋዮች የነበሯት እመቤት ናት። አንድ ቀን አንዲት ገረድ አስቆጣቻት። በንዴት የሚነድ እንጨት አንሥታ አፏ ውስጥ ጨመረችባት፤ ገረዲቱ ሞተች። እመቤቲቱ ደነገጠች። ከሞት ብታስነሣልኝ ዓለምን ትቼ እመንናለሁ ብላ ተሳለች። ገረዲቱ ተነሣች፤ እሷም እንደ ስለቷ ቤቷን ጥላ ደብረ ሊባኖስ ገባች። በኋላም ወደ ጣና፣ ዛሬ ገዳሟ ወዳለበት ወደ ጓንጉት ሄዳ በሐይቁ ውስጥ ቆማ ትጸልይ ነበር።

ገድል ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ቅዱሳንን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተመረጡ አድርገው ነው የሚያሳዩን። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ሥላሴን አመሰገኑ ይባላል። የክርስቶስ ሠምራ ቅድስና ግን የሚጀምረው ከማድ ቤት ወንጀል ነው፤ ገድሉም አልደበቀውም። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ገድል ላይም ይህ ታሪክ አለ።

ስንሰማው ባደግነው ትረካ ግን ገረዲቱ ከሞት ከተነሣች በኋላ ወሬዋ ይጠፋል። ምን እንዳለች፣ የት እንደገባች የሚጠይቅ የለም። ሁላችንም እመቤቲቱን ተከትለን ወደ ጣና እንሄዳለን።

‹‹ያ ድሮ ነው›› እንዳንል ደግሞ ቤታችንን እናውቀዋለን። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኞቻችንን፣ ከሽፋኑ ውጪ ነው ያደረገው።

ክርስቶስ ሠምራ የአንዲት ገረድ ሞት ትዳርና ሀብት ጥሎ ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው ብላለች። እኛ ደግሞ በሰይጣን እርቅ እየተገረምን ይህን ገጽ ዘለልነው። በሚቀጥለው 24 ጠበል ጠዲቁን ማን እንዳዘጋጀው፣ ደክሟትም እንደሆነ፣ እስቲ ማድ ቤት ገብተን እንጠይቅ።