በአንድ ሞገድ ስምንት ሰው

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞባይል የያዘ ሰው ያቺን ድምፅ ሳያስታውስ አይቀርም። ስልኩ ቴፕ አጠገብ ተቀምጦ፣ ገና ሳይጠራ፣ ስፒከሩ «ድድት ድድት ድድት ዝዝዝ» ይል ነበር። «ስልክ ሊመጣ ነው» እንላለን። የድሮ ተማሪዎቼ አንዳንዶቻችሁ ምክንያቱን ዛሬም ስለምትጠይቁኝ ታሪኩን ልጻፈው።

ድምፁ የስልኩ ማሰራጫ ሲበራና ሲጠፋ የሚሰማ ነው። ስናወራ ስልካችን ሳያቋርጥ የሚያሰራጭ ይመስለናል እንጂ በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ ብልጭ ድርግም ይላል። በመሀል ዝም የሚለው ተራው የሌሎች ሰባት ሰዎች ስለሆነ ነው።

የስልክ ታሪክ ከጥንቱም የወረፋ ታሪክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በትንንሽ ከተሞች ስልክ ማለት ቴሌ ሄዶ፣ ቁጥር አስመዝግቦ፣ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። መስመሩን የያዘው ሰው ካልጨረሰ ሌላው አያወራም። (የእኛ ሰው ደግሞ ሰላምታው ብቻ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል!)

በአየር ላይ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ሽቦ ቢያንስ ይጨመራል፤ ሞገድ ግን ከፋብሪካ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹ ተንቀሳቃሽ ስልኮች ለአንድ ጥሪ አንድ ፍሪኩዌንሲ ይዘው እስኪዘጋ ድረስ አይለቁም ነበር። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሚቴ አቁመው መከሩና በ1987 ጊዜን ለመሸንሸን ወሰኑ። ጂ.ኤስ.ኤም. የምንለው እሱ ነው። በእነሱ 1991 ፊንላንድ ውስጥ ሥራ ጀመረ፣ በእኛ 1991 አዲስ አበባ ገባ። የቁጥሩ መመሳሰል አያሳስታችሁ፤ በመሀሉ ስምንት ዓመት ገደማ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስልክ ወደ ታወር የሚልክበት 25 ሜጋኸርዝ፣ ታወሩ የሚመልስበት ሌላ 25 ሜጋኸርዝ ተመደበ። ይህ ባለ 200 ኪሎኸርዝ በሆኑ 124 መስመሮች ተከፈለ። እያንዳንዱ መስመር ስምንት ተራ አለው፤ አንዱ ተራ 577 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። ስልኩ ድምፃችንን በ20 ሚሊ ሰከንድ ቁራጭ እያጠራቀመ ወደ ቁጥር ቀይሮ ይጨምቀውና ተራው ሲደርስ ይወረውረዋል። ጆሯችን ክፍተቱን አይሰማም።

አሁን ወደ ሸዋ ሮቢት እንምጣ። በምዕራብ ተራራው ቆሟል፣ በምሥራቅ ቆላው ወደ አዋሽ በኩል ይዘረጋል። ከታወሩ ሥር የቆመና 30 ኪሎ ሜትር የራቀ ሰው በአንድ መስመር ቢያወሩ፣ የሩቁ ድምፅ ለመድረስ 100 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። የታወሩ ምልክትም ለሱ ያንኑ ያህል ዘግይቶ ነው የደረሰው። ዝም ከተባለ በሚቀጥለው ሰው ተራ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ታወሩ የሩቁን ስልክ «አንተ ቀድመህ ላክ» ይለዋል። ይህ ማስቀደም የሚሠራው እስከ 35 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ምንም ቢገላለጥ፣ ሲግናሉም ቢደርስ፣ በተለመደው አሠራር ጥሪው አይሄድም።

ሌላው ጣጣ ብዛት ነው። ሰንበቴ ላይ፣ በእሑድ ገበያ፣ አንድ መስመር ብቻ ያለው ታወር አለ እንበል። ከስምንቱ ተራ አንዱ ለጥሪ ማስተናገጃ ስለሚውል በአንድ ጊዜ የሚያወራው ሰባት ሰው ነው። ሰባቱም የማሾ ዋጋ እየጠየቁ ይሆናል፤ ስምንተኛው ወላድ የምትጫንበት መኪና ፈላጊ ነው። ታወሩ ይህን አይለይም፤ «ተጨናንቋል» ነው መልሱ። መፍትሔው መስመር መጨመር ወይም አንዱን ተራ ለሁለት ሰው ማፈራረቅ ነው። ሁለተኛው ድምፁን ያሻክረዋል፤ እኔ ግን ሻካራ ድምፅ ከምንም ይሻላል ባይ ነኝ።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ገጠር የገባው ሽቦ አልባ ስልክ፣ ሲዲኤምኤ፣ ወረፋውን ጭራሽ ተወው። ሁሉም በአንድ ሞገድ፣ በአንድ ጊዜ ያወራል፤ የሚለያቸው ኮድ ነው። ያው ሰንበቴ ገበያን አስቡት፦ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው፣ አርጎብኛው በአንድ ላይ ይንጫጫል፣ ሁሉም የራሱን ቋንቋ ለይቶ ይሰማል። ግን አጠገብህ የሚጮህ ካለ የራስህንም አትሰማም። ለዚህ ነው ታወሩ እያንዳንዱን ስልክ በሰከንድ 800 ጊዜ «ቀንስ፣ ጨምር» የሚለው።

3ጂም የወረሰው ይህንኑ የኮድ መንገድ ነው። 4ጂ ግን ሁለቱንም ትቶ ሌላ ዘዴ ያዘ፤ የእሱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ።