ሱቁ ሲዘጋ

በ1883 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ እሑድ ማለዳ፣ የ16 ዓመት ልጅ ቁርሱን ሳይቀምስ ከደቡብ እንግሊዟ የባሕር ዳር ከተማ ከሳውዝሲ ተነሣ። 17 ማይል፣ በእኛ አለካክ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በእግሩ ኳትኖ አፕፓርክ ከሚባለው የባላባት ግቢ ደረሰ። እናቱ የግቢው ቤት አስተዳዳሪ ናቸው። ከሌሎቹ አገልጋዮች ጋር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኛቸውና ከጨርቃጨርቅ መደብሩ ሥራ መውጣት እንደሚፈልግ ነገራቸው።

እናትየው ደነገጡ። ቢደነግጡም አይፈረድባቸውም፤ ልጃቸው በመደብሩ አራት ዓመት ሙያውን እንዲማር የተዋዋሉት በ50 ፓውንድ ነው፤ አብዛኛውም ተከፍሏል። አባትየው በ1877 እግራቸው ተሰብሮ ክሪኬት በመጫወት የሚያገኙት ገቢ ቀርቷል፤ የነበረቻቸው የሸክላ ዕቃ ሱቅም ቤተሰብ የምታኖር አልነበረችም። ለእኚህ ሴት ጨርቅ መሸጥ ማለት ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ እጅ ሳይቆሽሽ የሚበላ እንጀራ ነው። ልጁ ግን ሁለት ዓመቱ በቅቶታል። ስሙ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ነው፤ ዓለም ኋላ ኤች. ጂ. ዌልስ ብሎ ያወቀው፣ «የጊዜ ማሽን»ን የጻፈው ሰው።

የዚያ ዘመን የእንግሊዝ የሱቅ ሠራተኛ፣ እኛ የቤት ሠራተኛን በምንለይበት አነጋገር፣ በአብዛኛው ተመላላሽ ሳይሆን አዳሪ ነበር። የሚተኛው አሠሪው በሚሰጠው ማደሪያ፣ አልጋ ከአልጋ በተጠጋጋበት ክፍል ውስጥ ነው። የሚበላውም አሠሪው ያቀረበለትን ነው። ሁለቱም እንደ ደመወዙ አካል ስለሚታሰቡ እጁ ላይ የሚደርሰው ጥሬ ገንዘብ ጥቂት ነው። ከዚያችም ላይ ቅጣት ይቆረጣል፤ ያረፈደ ይቀጣል፣ ያመሸ ይቀጣል፣ በአንዳንዱ ቤትማ ደንበኛን ባዶ እጁን የሸኘም ይቀጣል። ከሥራ የተባረረ እንጀራውንና ጣራውን በአንድ ቀን ያጣል። ዌልስ በቀን ወደ 13 ሰዓት ጣቃ ሲያወርድ፣ ሲዘረጋ፣ መልሶ ሲጠቀልል ይውል ነበር።

የአዲስ አበባ ሰው ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ሲባል የስፖርት ሜዳው ትዝ ይለው ይሆናል። ማኅበሩ የተወለደው ግን ከዚሁ የማደሪያ ክፍል ነው። ጆርጅ ዊልያምስ የሚባል የ22 ዓመት የጨርቅ መደብር ሠራተኛ ጁን 6 ቀን 1844 በለንደን አሥራ አንድ ወጣቶችን ሰብስቦ ነው የመሠረተው፤ አብዛኞቹ እንደሱው ጨርቅ ሻጮች ነበሩ። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበር።

ርካሽ ትምህርት በአገሩ አልጠፋም። ጆርጅ በርክቤክ የተባለው ሐኪም በግላስጎ ለእጅ ባለሙያዎች የሳይንስ ትምህርት መስጠት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1823 በለንደን አንድ መጠጥ ቤት አዳራሽ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ የእጅ ባለሙያዎችን ተቋም አቋቋመ። ሠራተኛው ቀን ውሎ ማታ በጥቂት ሺሊንግ የሚማርበት ቤት ነው። በ1830 ሴቶችንም ተቀበለ። ዛሬም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሥራቹ ስም ይጠራል።

እንግዲህ ክፍያው ያን ያህል ካልከበደ፣ ጨርቅ ሻጩን ከዚያ አዳራሽ ያራቀው ምንድን ነው? ሰዓቱ። የቢሮ ጸሐፊው ወጥቶ ራቱን በልቶ ክፍል ሲገባ፣ ሻጩ ገና ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። ሱቁ ከተዘጋ በኋላም የተዘረጋውን ጣቃ አጥፎ መደርደሪያው ላይ መመለስ የእሱ ሥራ ነው። ቅዳሜማ በድሆች ሠፈር ያለ ሱቅ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነበር የሚዘጋው። የሱቅ ሠራተኛ ሙያ መለወጫ ታሪክ፣ አገላብጠው ሲያዩት፣ የመዝጊያ ሰዓት ታሪክ ነው።

ይህን ራሳቸው ሠራተኞቹ ቀድመው አውቀውታል። በ1842 የለንደን ጨርቅ ሻጮች ሱቅ ቶሎ እንዲዘጋ የሚጠይቅ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዋና መከራከሪያቸውም «አእምሯችንን የምናለማበት ምሽት ይሰጠን» የሚል ነበር። ልመና ነው እንጂ ሕግ አልነበረም። ሕጉ የመጣው ከ44 ዓመት በኋላ በ1886 ሲሆን፣ እሱም ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ብቻ ከምግብ ሰዓት ጋር በሳምንት ከ74 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ተቆጣጣሪ ስላልተመደበለት ጥርስ የሌለው ሕግ ነበር። ለሁሉም ሠራተኛ የሳምንት የግማሽ ቀን ዕረፍት የተደነገገው በ1911 ነው።

ማምሸት ላልቻለ የፖስታ መንገድ ነበረው። አይዛክ ፒትማን በ1837 የፈጠረውን የአጭር እጅ ጽሕፈት፣ በ1840 የአንድ ፔኒ ፖስታ ሲጀመር በደብዳቤ ማስተማር ያዘ። ተማሪው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በአጭር እጅ ጽፎ ይልካል፣ ታርሞ ይመለስለታል። ሻማና ቴምብር ያለው ይማራል።

የዌልስ መውጫ ግን ከዚህ ሁሉ ያስቃል። መንግሥት በዚያን ጊዜ ሳይንስ እንዲስፋፋ ሲል ተማሪው ፈተና ባለፈ ቁጥር ለአስተማሪው ገንዘብ ይከፍል ነበር። የሚድኸርስት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ኾረስ ባያት ይህን ሲያሰላ፣ ቀድሞ ላቲን ያስተማረው ያ ጨርቅ ሻጭ ልጅ ትዝ አለው። በዓመት 20 ፓውንድ ረዳት አድርጎ ቀጠረው፤ ለመደብሩ ውል የታሰበው 50 ፓውንድ በዚህ ሥራ የሁለት ዓመት ተኩል ደመወዝ ነው። ቀን ልጆቹን ያስተምራል፤ ማታ ደግሞ በወረቀት ላይ ብቻ የተከፈቱ የሳይንስ «ክፍሎች» ብቸኛ ተማሪ ሆኖ መጽሐፉን ለራሱ ያነባል። ባያት ገንዘቡን አገኘ። ዌልስም ፈተናዎቹን በከፍተኛ ውጤት ስላለፈ በ1884 በለንደን የመምህራን ማሠልጠኛ የሳይንስ ትምህርት ቤት በነጻ እንዲማር ተጠራ። ባዮሎጂ ያስተማረው ታላቁ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ ነው።

የኪስ ገንዘቡ በሳምንት አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሺሊንግ ነበር። ከኪራይ የተረፈው ሳምንቱን አያደርስም፤ ክፍያው ሊደርስ ሲል ምሳ ይቀራል። ልጁ ከስቶ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አበራው፣ ሦስተኛው ጣለው፤ በ1887 የመጨረሻውን ፈተና ወደቀ። ዲግሪውን ያገኘው በ1890 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተፈታኝ ሆኖ ነው። በ1905 ያሳተመው «ኪፕስ» የተሰኘ ልቦለድ ዋና ገጸ ባሕርይም የጨርቅ መደብር ሠራተኛ ነው።

ለሴት ልጅ ይህ በር ጠባብ ነበር። ማርጋሬት ቦንድፊልድ በ14 ዓመቷ በብራይተን ጨርቅ መደብር ገባች። ሉዊዛ ማርቲንዴል የተባለች ደንበኛ መጽሐፍ ታውሳት ነበር፤ ሌላ ትምህርት ቤት አላገኘችም። በ1894 ለንደን መጣች። አንድ ቀን የገዛችው የተጠበሰ ዓሣና ድንች በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበርና እየበላች ስታነብ፣ የሱቅ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ተደራጁ ብሎ የጻፈውን ደብዳቤ አገኘች። ሄዳ ተመዘገበች። ከዚያ ወዲያ ማደሪያ ክፍሏ ውስጥ ጓደኞቿ እስኪተኙ ጠብቃ፣ የግማሽ ፔኒ ሻማ ለኩሳ፣ ብርሃኑን ወንበር ላይ በጣለችው ፎጣ ከልላ፣ በብዕር ስም ለማኅበሩ መጽሔት ትጽፍ ጀመር። በ1896 የሴቶች የሥራ ሁኔታን የሚያጠና ምክር ቤት በስውር እንድታጣራለት ላካትና ከሱቅ ሱቅ እየተቀጠረች መረጃ ሰበሰበች። በ1898 ባንኮኒውን ለመጨረሻ ጊዜ ትታ የማኅበሩ ረዳት ጸሐፊ ሆነች።

በ1929 የሠራተኛ ሚኒስትር ተብላ ስትሾም በብሪታንያ ካቢኔ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሥራ የፈቱ ሴቶችን አዲስ ሙያ የማሠልጠኑ ጉዳይም እሷ ለዓመታት አባል ሆና በሠራችበት ማእከላዊ ኮሚቴ እጅ ነበር።  አብዛኛው ገንዘብ ግን የዋለው ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብና መስፋት በሚያስተምሩ ኮርሶች ላይ ነው። ኮርሱን የጨረሰችው ሴት የምትቀጠረው ሰው ቤት ነው፣ አዳሪ ሆና።